የማይገጥመው ክዳን

አቶ ገብረመስቀልን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተደፍቶ ሳገኘው የቧንቧው ውሃ ገና እየፈሰሰ ነበር።

ቀኑ ረቡዕ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ላይ የሚለጠፈውን ጉርድ ፎቶ ልወስድ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። «ኦቦ ገብረመስቀል፣ አካም ቡልታን?» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። የተሰማኝ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው። ፎቶ ወደሚያጥብበት ጠባብ ክፍል ብቅ ስል ቀይዋ አምፖል በርታለች፤ እሱ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኝቷል። ከራሱ አጠገብ የመብራት ማቆሚያው የብረት እግር ወድቋል። ደሙ ደርቋል።

ከበላዩ በተወጠረው ሲባጎ ላይ ፎቶዎች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል። የኔም ጉርድ ፎቶ እዚያው ነበረች፤ በአራት ቅጂ፣ በአራቱም ዐይኔ ፈጦ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቧንቧውን መዝጋት ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት።

የመጣው መርማሪ መቶ አለቃ ኃይለጊዮርጊስ ይባላል። ከጎጃም ተዛውሮ ነቀምቴ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ቀጭን ሰው ነው። ከአውራ ጣት የማትበልጥ እርሳስ በኮፍያው ውስጥ ይይዛል።

«ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጌታዬ ማለት ቀርቷል እናቴ።»

«እሺ ጓድ።»

«እሱም ይቆይ። ስምዎን ይንገሩኝ።»

«ሎሚ ደረሳ።»

ተጎንብሶ የማጠቢያውን ገንዳ አየ። ውሃው ውስጥ አንድ ቁራጭ ፊልም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በሁለት ጣቱ አወጣው። ከዚያ ሲባጎውን ቆጠረ። ከኔ ጉርድ ፎቶ ወዲያ አምስት ትልልቅ ፎቶዎች አሉ፤ በመካከላቸው አንድ መቆንጠጫ ባዶውን ተንጠልጥሏል። እርሳሱን አውጥቶ ጻፈ።

«ትናንት እዚህ ማን ማን እንደመጣ የሚያውቁት አለ?»

«ልጄ ነበረች!» አልኩት። «ድርቤ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። ለመንግሥት ካሜራ ሙከራ ፊደል ልትጽፍ ተጠርታ።»

በኩራት ነው የተናገርኩት። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ እየሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን አፌን ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እግዜር ያውቃል።

«ካሜራው የት አለ?» አለ መቶ አለቃው።

የካሜራው ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን ነበር። ባዶ ነው።

*

ስለ ካሜራው የማውቀው ከድርቤ አፍ የሰማሁትን ነው። ለአብዮት በዓል ዝግጅት ከአዲስ አበባ ሁለት መሣሪያ መጣ። አንዱ ፎቶ ያነሣል፤ ሌላው ተንቀሳቃሽ ፊልም። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ትልቅ ሌንስ ነው፤ ከአንዱ ተፈትቶ በሌላው ይታሰራል። ዋጋው ሁሉ ያለው በዚያ ሌንስ ላይ ነው አሉ። የቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ ሽብሩ ዕቃውን ተረከበ። ለሌሎቹ አውራጃዎችም ይገዛ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መርምሮ ይጻፍ ተብሎ ስለታዘዘ፣ አቶ ገብረመስቀል ተጠራ። ማታ ማታ ዕቃው ወደ መንግሥት መጋዘን ይመለሳል፤ ጠዋት ይመጣለታል።

አቶ ገብረመስቀል ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ያረጀ፣ ጥንቁቅ ሰው ነበር። ሌንስ የሚፈትነው እንዲህ ነው። ድርቤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል ትጽፍለታለች፤ የመጀመሪያው ረድፍ መዳፍ የሚያክል፣ ቀጥሎ እያነሰ፣ የመጨረሻው ምስር የሚያክል። ከዐሥር እርምጃ ላይ ያነሣና ፎቶውን በማጉያ መነጽር ያያል። እስከ ስንተኛው ረድፍ ይነበባል? የሌንሱ ማዕረግ ያ ነው። ለተንቀሳቃሹም እንዲሁ አድርጓል፤ የሱ ፊልም ግን ለእጥበት አዲስ አበባ ስለሚላክ ከወር በፊት አይመለስም።

ድርቤ ይህን እያሳቀች ስትነግረኝ «እንግዲህ ካሜራውም እንደኔ መሠረተ ትምህርት ገባ በይኝ» ብያት ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሁለት ፖሊሶች ቤቴ መጡ። ቤቴ የጓዳ በር የለውም። ለትምህርት ጣቢያዎች ሰሌዳ የሚሆን ሳንቃ አዋጡ ሲባል ሳንቃ ስላልነበረኝ ወደ ጓሮ የሚከፈተውን የጓዳዬን በር ነቅዬ ሰጥቻለሁ፤ በቦታው ጆንያ ሰቅያለሁ። ፖሊሱ ጆንያውን ገልጦ ገባ። የድርቤ ሹራብ ምድጃው አጠገብ ተሰጥቷል። ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተና አንድ ጥቁር ክብ ነገር አወጣ። የሌንስ ክዳን ነው።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ረስቼው ነው» አለች ድርቤ። «ጋሼ ገብረመስቀል ይዘሽልኝ ቁሚ ብለውኝ ኪሴ ከትቼው ረሳሁት።»

«ጣቢያ ትናገሪዋለሽ» አላት።

*

እኔ ያልነበርኩበትን፣ መቶ አለቃው በኋላ እንደነገረኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያስጠራው ባቻን ነው። ባቻ ገበያው በር ላይ በእንጨት ሣጥን ካሜራ ፎቶ የሚያነሣ ነው። ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአቶ ገብረመስቀልን በር ሲመታ ታይቷል። እጅጌው ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ገብረመስቀል ጠላትህ ነበር ይላሉ።»

«ማን ይላል? ሣጥኔን የንብ ቀፎ ይላት ነበር። ይህ ጠላትነት ከሆነ አዎ።»

«አንተስ ምን ትለው ነበር?»

«አንተ ጉርድ አንስተህ እስክትሰጥ ሰውዬው ይሸብታል፣ መልኩም አይመሳሰልም፣ እለው ነበር።»

«እጅጌህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ባቻ አየና ሳቀ። «የፎቶ መድኃኒት ነው። ብታጥበው አይለቅም። ሚስቴን ጠይቅ፤ አንድም ሸሚዝ አልተረፈኝም።»

«ማክሰኞ ምን ፈልገህ ሄድክ?»

«ሃይፖ አልቆብኝ። ፎቶውን እንዳይጠፋ የሚያጸናው ዱቄት ነው።»

«እንዲህ እየተሰዳደባችሁ ይሰጥሃል?»

«ሁልጊዜ። እየሰደበኝ ነው የሚሰፍርልኝ።» ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «መታሁ፣ ዝም አለ። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል። እያጠበ ነው፣ በር ገፍቼ ብርሃን ባስገባ ሥራው ይበላሻል ብዬ ተመለስኩ። የሙያችን ደንብ ነው። ያን ጊዜ ብገፋው ኖሮ...»

መቶ አለቃው ከገንዳው ያገኘውን ቁራጭ ፊልም ሰጠው። «ይህን አትምልኝ።»

*

ድርቤን የጠየቃት በዚያው ዕለት ነው።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት። ዐሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ ጠዋት ቀበሌው አዳራሽ፣ ተማሪ ሳይገባ። ጋሼ ገብረመስቀል ቀድመውኝ ገብተው ሥራ ጀምረዋል። በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ በሁለቱም መሣሪያ አነሡ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ደገማችሁ?»

«ማክሰኞ ስደርስ፣ ጠዋት ከመጋዘን በመጣላቸው ዕቃ ዐይናቸውን አስጠግተው አይተውበት ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ‹ይህ ትናንት ያየሁበት ዐይን አይደለም› አሉ። እንደገና በትንሿ ሰሌዳ ጻፊልኝ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ክዳኑም አስቸገረን። ሲከድኑት ይወድቃል፣ ሲከድኑት ይወድቃል። በቃ አንቺ ያዢው አሉኝ።»

«ስትወጪ ሲባጎው ላይ ምን ነበር?»

«የሰኞዎቹ። ስድስት ናቸው፤ ገና ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር።»

«አምስት ነው ያገኘሁት።»

«ስድስት ነበሩ መቶ አለቃ። መቆንጠጫ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ካሜራው ተገኘ። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ከቤቴ በታች ካለው ቦይ ውስጥ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቆመው አዩ። ያን ቀን ሰላም ያለኝ ሰው የለም።

መቶ አለቃው ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገ። ከድርቤ ኪስ የወጣውን ክዳን አንሥቶ በሌንሱ ላይ አደረገው። ወደቀ። በድጋሚ አደረገው። በሌንሱ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የድስት ክዳን በጀበና አፍ ላይ እንደ መክደን ነው።

ባቻም ከገንዳው ከተገኘው ከማክሰኞው ፊልም ያተመውን ይዞ መጣ። ፊደሎቹ ጭጋግ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ፤ ከሦስተኛው ረድፍ በታች አንዱም አይነበብም። ሲባጎው ላይ በተገኙት የሰኞ ፎቶዎች ግን ምስር የምታክለው ፊደል ሳይቀር ቁልጭ ብላለች።

«ገብረመስቀል እንዲህ አያነሣም» አለ ባቻ። «ይህ የሱ እጅ ጥፋት አይደለም፤ የብርጭቆው ነው። ሌላ ሌንስ ነው።»

*

ጓድ ሽብሩ ራሱ ጣቢያ መጣ። ከነሾፌሩ፣ በአረንጓዴዋ ላንድሮቨር። ያቺን መኪና የማያውቅ እናት ነቀምቴ ውስጥ የለም። ባለፉት ዓመታት በሷ የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ዛሬም ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፣ ስንቁን እንዳለ ይዘው ይመለሳሉ።

እኔ ግድግዳው ሥር የድርቤን ምሳ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሲያልፍ አየኝና ቆመ።

«አዴ ሎሚ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ አሉኝ። አይዞሽ፤ አብዮቱ እናትን ከልጇ ለይቶ ያያል።»

ውስጥ ገብቶ የተናገረው ግን ሌላ ነው።

«የአብዮቱ ንብረት ተሰርቋል፣ ሰው ተገድሏል፤ አንተ ሹራብ ታገላብጣለህ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ካላመነች እኛ እንወስዳታለን።»

«ሌንሱ ተለውጧል ጓድ ሽብሩ» አለ መቶ አለቃው። ክዳኑን ከካሜራው ላይ ሲወድቅ አሳየው።

ጓድ ሽብሩ የወደቀውን ክዳን አየ። ከዚያ ጠረጴዛውን በእጁ መታ። «ይኸው! ፎቶ አንሺውና አስተማሪዋ ተመሳጥረው ለውጠውታል። ሊካፈሉ ሲጣሉ ገደለችው። ክዳኑ እኮ ከኪሷ ነው የተገኘው! ሥራህን ጨርሰሃል መቶ አለቃ።»

ክፉው ነገር፣ አነጋገሩ ልክ ይመስል ነበር። መቶ አለቃው ራሱ ያን ጊዜ በልጄ እንደተጠራጠረ አልደበቀኝም።

«የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

«በኔ። ታዲያስ?»

«እርስዎ ማክሰኞ የት ነበሩ? ለሁሉም ሰው የምጠይቀው ነው።»

ጓድ ሽብሩ አልተቆጣም። ከቦርሳው አንድ ፎቶ አውጥቶ አስቀመጠ። እሱ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሟል። «አርጆ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ። ትምህርት ጣቢያቸውን ስጎበኝ ሾፌሬ አነሣኝ። ረቡዕ ነው የተመለስኩት። የጎብኚ መዝገባቸውን እይ።»

*

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መቶ አለቃው አርጆ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መኪናውን ገፍተዋል። የትምህርት ጣቢያው ኃላፊ ታፋ የሚባል መምህር ነው። መዝገቡን አወጣ። «ማክሰኞ፣ ነሐሴ 19» ይላል፤ የጓድ ሽብሩ ፊርማ አለበት።

«ማክሰኞ መጥተዋል?»

«መዝገቡ ይላል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔም መዝገቡ ያለውን እላለሁ።»

«መምህር ታፋ፣ አንዲት የሙያ እኅትህ ታስራለች።»

ታፋ ወደ መስኮቱ አየ። «ሦስት ልጆች አሉኝ መቶ አለቃ» አለ። መዝገቡን ዘጋ።

መቶ አለቃው ሰውየው እንደዋሸ አወቀ። ፍርሃትን ግን በማስረጃ መዝገብ ላይ መጻፍ አይቻልም። ባዶ እጁን ተመለሰ።

*

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቃሌን እንድፈርም ተጠራሁ። ረቡዕ የተናገርኩት በሁለት ገጽ ተጽፏል። ጸሐፊው የጣት ቀለሙን ገፋልኝ።

«አነባለሁ» አልኩት።

«አዴ፣ ያሉት እኮ ነው የተጻፈው።»

«ልጄ የታሰረችው ባልኩት ነው። አነባለሁ።»

ጸሐፊው ሊቆጣ ሲል መቶ አለቃው ከነጭቃ ቦቲው ገባ። «ተዋቸው። ያንብቡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ፤ ራሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ማንበብ አዝጋሚ ነኝ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። «ልጄ ድርቤ ነበረች» ከሚለው ላይ ስደርስ ዐይኔ እንባ ሞላና ፊደሉ ተቀላቀለብኝ። እስኪጠራልኝ ቀና አልኩ። ጠረጴዛው ላይ፣ ክፍት ዶሴ ውስጥ፣ የጓድ ሽብሩ ፎቶ ነበረች።

ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ፊደል ሳይ ማለፍ አልችልም፤ የሳሙና ወረቀት ይሁን የጆንያ። እዚያም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። «ውሃ ፈልቶ ሲጠጣ ጤና ነው።» ከዚያ በታች ቁጥር። ከዚያ በታች፣ በግራ በኩል፣ ከጓድ ሽብሩ ወገብ አጠገብ...

ፎቶዋን በእጄ አነሣሁ። ጸሐፊው «አዴ!» አለ።

«ይህ ሰሌዳ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«የአርጆ ነው እናቴ» አለ መቶ አለቃው፣ ቀና ሳይል።

«የአርጆ አይደለም። የጓዳዬ በር ነው።»

ያን ጊዜ ቀና አለ።

«ሁሉም ሰሌዳ ጥቁር ነው እናቴ። ሁሉም በባትሪ ድንጋይ ዱቄት ነው የሚቀባው።»

«ቀለሙን አይደለም። ይህን ጥግ ይዩ። ድርቤ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች በክረምት ጅብ መጣ። ጓዳ ውስጥ ጥጃ ነበረን። የበሩን ታችኛውን ጥግ ግጦ ሊገባ ሲል ባሌ በእሳት አባረረው። በማግስቱ የዘይት ቆርቆሮ ደብድቦ ለጠፈበት። ስድስት ሚስማር ነበረው፤ ሰባተኛው ጠፋበትና የፈረስ ኮቴ ሚስማር መታበት። ይቁጠሩ። ሰባተኛው ራሱ አራት ማዕዘን ነው።»

መቶ አለቃው ማጉያ መነጽር አመጣ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ከጥቁሩ ቀለም ሥር የሚስማሮቹ ራስ አንድ በአንድ ተቀምጠዋል፤ ስድስት ክብ፣ አንድ አራት ማዕዘን።

«በሩን ለየትኛው ጣቢያ ነው የሰጡት?»

«ለኛው። ቀበሌው አዳራሽ በአግድም ተሰቅሏል። በየቀኑ ከፊቱ እቀመጣለሁ፤ ከኔ ሌላ ጥጉን ማን ያያል?»

ድርቤን አስጠራት። ሁለት ቀን ያላየኋት ልጄ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። ፎቶዋን አሳያት።

«ከስድስቱ አንዷ ናት» አለች ወዲያው። «ሰኞ እኔ ከመድረሴ በፊት ጋሼ ገብረመስቀል ጓድ ሽብሩን ያነሧቸው መሆን አለበት፤ የዓርብ ትምህርት ገና አልጠፋም። ማክሰኞ ስወጣ ከዳር ሦስተኛዋ ላይ እርጥብ ሆና ተሰቅላ ነበር።»

«ስለዚህ ይቺን የያዘ ሰው...» አለ መቶ አለቃው ቀስ ብሎ።

«ከኔ በኋላ ገብቷል» አለች ድርቤ።

አዲስ ወረቀት አወጣ። ያልኩትን ጻፈ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ።

«እናቴ፣ ይህን ከፈረሙ ስምዎ በትልቅ ሰው ላይ ይጻፋል። ጉዳዩ ቢገለበጥ እኔ አልኖርም ይሆናል፤ ስምዎ ግን ወረቀቱ ላይ ይኖራል። በጣት አሻራ ቢሆን ያላወቀች ሴት ናት ይባል ይሆናል። እንደፈለጉ።»

ድርቤ «ሃርሜ፣ ተይ» አለችኝ በኦሮምኛ። «ዴቢሲ፤ መልሺላቸው።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች። ማንም አላቻኮለኝም። ከሥሩ ጻፍኩ፤ ሎሚ ደረሳ። ከክፍል ውጭ ስሜን ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላንድሮቨሯ ጣቢያው ግቢ ቆመች። ጓድ ሽብሩ ወረደ። መቶ አለቃው ወደ ቢሮው አስገባው። ቢሮው ውስጥ የጓዳ በር መሆኑ ቀርቶ ሰሌዳ ሆኖ የከረመው ሳንቃዬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ልጅቷ የታለች?» አለ ጓድ ሽብሩ።

«አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ይህ ፎቶ አርጆ የተነሣ ነው ብለውኛል?»

«ብያለሁ።»

«ሰሌዳው የአርጆ ነው?»

«ምን ማለት ነው? ሰሌዳ ሰሌዳ ነው። ሁሉም አንድ ነው።»

መቶ አለቃው ወደኔ አየ።  ጎንበስ ብዬ ጥጉ ላይ ያለውን ጥቁር በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። የዘይቱ ቆርቆሮ ብልጭ አለ።

«ጓድ ሽብሩ» አልኩት፣ «ሳንቃ አምጡ ያልከን አንተ ነህ። እኛ ያመጣነውን ግን አላየኸውም።»

«ይቺ ሴት ምን ትላለች?»

«የባሏን ሚስማር እየቆጠረች ነው» አለ መቶ አለቃው። «እኔም ቆጥሬያለሁ። ገብረመስቀል ማክሰኞ ባነሣበት ሌንስ ቢሆን ይህ ሚስማር አይታይም ነበር፤ ሰኞ በነበረው በእውነተኛው ሌንስ ስለተነሣ ታየ። ገብረመስቀል ማክሰኞ የሁለቱን ቀን ፊልም ጎን ለጎን አስቀምጦ መለወጡን አወቀ። በሪፖርቱ ሊጽፍ ነበር።»

ጓድ ሽብሩ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ቆሟል። መቶ አለቃው ትናንት ማታ ከአዛዡ የፍተሻ ፈቃድ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ እንደተለማመጠ እሱና ስልኩ ያውቃሉ። ዕቃው የተገኘው ከጓድ ሽብሩ ቁም ሣጥን፣ ከክት ጫማው ውስጥ ነው።

ጨርቁ ተፈታ። ትልቅ ሌንስ ነው። መቶ አለቃው ከድርቤ ኪስ የወጣውን ክዳን አንሥቶ ከደነው።

ቀጭ አለ። ገለበጠው፤ አልወደቀም።

ጓድ ሽብሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ክዳኑን አየ። «ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ። «ጥሩ ነው ብለህ ፈርም አልኩት። አንድ ቃል። ‹ዐይኔ ያላየውን አልፈርምም› አለኝ። ገፋሁት፤ ብረቱ ላይ ወደቀ።»

ታፋም ከሰዓት በኋላ አርጆ ላይ ቃሉን ሰጠ። ጓድ ሽብሩ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ማክሰኞ ብለህ ጻፍ ብሎት ጽፏል። መዝገቡ ያለውን ትቶ ያየውን ተናገረ።

*

ልጄን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰዎች ሰላም ይሉን ጀመር። አልመለስኩላቸውም። አሁን ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን እግሬን ማንሣት እንኳ ከብዶኝ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ተንቀሳቃሹ ፊልም ከአዲስ አበባ ታጥቦ መጣና አዳራሹ ውስጥ ታየ። ድርቤ ትጽፋለች፤ ከዚያ አቶ ገብረመስቀል ከጎን ይገባና በርጩማ ያነሣል፤ ወደኛ ዞሮ እጁን ያወዛውዛል፣ ውጡልኝ እንደማለት። ሚስቱ ሸዋርጋ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ባቻ ወጥቶ ደጅ ቆመ።

ጥቅምት ላይ መቶ አለቃ ኃይለጊዮርጊስ ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ጓድ ሽብሩም ወደ አዲስ አበባ ተወስዷል ተባለ፤ ተፈርዶበታል የሚል አለ፣ በሌላ አውራጃ ሹም ሆኗል የሚልም አለ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ስሜ ወረቀት ላይ አለ፤ ጓዳዬ ላይ ግን ያለው ጆንያ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር ድርቤ ወደ ጆንያው ታያለች። ትደብቀኛለች እንጂ አያለሁ።

ስለዚህ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍኩ። ድርቤ ልጻፍልሽ ብትለኝ እንቢ አልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። «ለአብዮቱ ያዋጣሁት የጓዳዬ በር የፖሊስን ሥራ ስለጨረሰ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በምትኩ አዲስ ሳንቃ አመጣለሁ። ሎሚ ደረሳ።»

በሩ ተመለሰ። ጥቁሩን አላጠብኩትም፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ ሰቀልኩት። አመሻሽ ላይ ድርቤ ጠመኔ ይዛ በጥጉ ላይ፣ ከቆርቆሮው አጠገብ፣ ምስር የምታክል ፊደል ትጽፋለች።

«ይህችስ ማን ናት ሃርሜ?»

ጎንበስ ብዬ አነባታለሁ። ከዚያ የበሩን መወርወሪያ አስገባለሁ፤ መግባቱን በእጄ ደግሜ አረጋግጣለሁ።